መቀሴን ያስቀመጥኩባቸው ሳምንታት

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት በነርሷ ትእዛዝ ነው። ራስ ምታቱ አልለቅ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜን ለካችኝ፣ ግፊትሽ ከፍ ብሏል አለችኝ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ ብላ ጠየቀችኝ፣ ዋሸኋት። ከዚያ "ቀንሽን ጻፊው። በተለይ ለራስሽ የምትዪውን ነገር ቃሉን ሳትቀይሪ ጻፊው" አለች። እኔ ከራሴ ጋር የማወራ እብድ ነኝ እንዴ? ቢሆንም መድኃኒት ከመዋጥ ደብተር መግዛት ይሻላል ብዬ ገዛሁ።

እንግዲህ ለማንኛውም ይጻፍ። ቆራጭ ነኝ። ስፌት ቤት ውስጥ ጨርቅ እዘረጋለሁ፣ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ በመቀስ እቆርጣለሁ። ሌላው ሁሉ የሚሰፋው እኔ የቆረጥኩትን ነው። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዋናው ቆራጭ ጋሼ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ ቦታቸው የኔ እንደሆነ ግድግዳውም ያውቃል። ይህን ስጽፍ አንገቴን አልደፋሁም። ትዕቢት ነው የሚለኝ ካለ፣ መጥቶ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይቁረጥና እንተያይ።

ረቡዕ 6

ጊዜ የለኝም። ትልቅ ሥራ መጥቷል፤ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት የኅብረት ዘፋኞች ሠላሳ ሁለት ረጅም ካባ። ሰማያዊ ከፋይ። ጨርቁን ሳየው ልቤ ደነገጠ፣ እንዲህ ያለ ከፋይ ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል።

እህቴ ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ማታ ማታ የማድረው እሷ ጋ ነው። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ እኔ አቅፌ እዞራለሁ፣ እሷ ትተኛ። "ደከመሽ አይደል?" ትለኛለች። እኔ? እኔ መቼ ነው ደክሞኝ የሚያውቀው።

ቅዳሜ 9

ሠላሳ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቆረጥኩ! ጋሼ ሁለት ቀን ይፈጃል ብለው ነበር። አራት አራት ድርብ እያደረግኩ ስምንት ጊዜ ዘረጋሁ። ጨርቁን ወዲያና ወዲህ እያመላለስኩ ስለዘረጋሁት ቶሎ አለቀ። ጓደኛዬ ቆራጩ፣ አንገቱ ላይ ሜትር ሳይሰቅል ታይቶ ስለማያውቅ "ሜትር" የምንለው፣ "ነይ ምሳ ብዪ፣ ጨርቁ አይበርም" አለኝ። አልሄድኩም። ሲመለስ አምስተኛው ዙር ላይ ነበርኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ነሽ" አለ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

እጅጌዎቹን ለብቻ፣ ጀርባዎቹን ለብቻ፣ ፊቶቹን ለብቻ አስሬ ለሰፊዎቹ አስረከብኩ። ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ ውኃ ስጠጣ ለቀቀኝ።

ረቡዕ 13

ጥፋት ሠራሁ። አሁን መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ 13፣ ማታ

እሺ። ሰፊዋ የመጀመሪያውን ካባ ዛሬ ጨርሳ ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለችው። ቀኝ እጅጌው ፈካ ያለ ሰማያዊ፣ ግራው ጠቆር ያለ። አንድ ጨርቅ፣ አንድ ጥቅል፣ ሁለት ቀለም። ጋሼ ካባውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መዳፋቸውን አንዱ እጅጌ ላይ አሳለፉ፤ ከዚያ ሌላው ላይ። ካባውን መልሰው ሰቀሉት። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ከፋይ ጠጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት እንደ ድመት ጀርባ ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይሻክራል፤ ጠጉሩ ወደ ላይ የሆነው ጠቁሮ ይታያል፣ ወደ ታች የሆነው ይፈካል። ስለዚህ ከፋይ እንደ ተራ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አይዘረጋም። ጫፉ ላይ ቆርጠሽ፣ ወደ መነሻው ተመልሰሽ፣ እንደገና በአንድ አቅጣጫ ትዘረጊያለሽ። ያሰለቻል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ይህንን ማንኛውም ቆራጭ በመጀመሪያው ወር ይማራል። እኔ ራሴ ለስድስት ሰው አስተምሬዋለሁ።

ያም ሆኖ ሠላሳ ሁለት ካባ ወዲያና ወዲህ ዘርግቼ ቆረጥኩ። ግማሹ ተገልብጧል። ያውም ቁራጩ ሁሉ ተደባልቋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ነርሷ ቃሉን ጻፊ ብላኝ አይደል? ይኸው። አንቺ ደንቆሮ። እጀ ሰባራ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው አታለልሽ፣ ዛሬ ተጋለጥሽ። ለአንድ ቀን ጭብጨባ ብለሽ። ምን ዓይነት ሰው ነሽ?

ሐሙስ 14

እትዬ (የስፌት ቤቱ ባለቤት ናቸው) አልጮሁም። ጨርቁን የሸጠልን ነጋዴ ጋ ደውለው ያ ከፋይ ማለቁን አረጋገጡ፤ ሌላ የለም። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ምን ይሻላል?" አሉ። መቀሴን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። "ከእንግዲህ አልቆርጥም። ቁልፍ መትከሉ ላይ ያድርጉኝ" አልኳቸው።

መቀሱን አንሥተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። "እሺ፣ እንደፈለግሽ" አሉ።

እንደፈለግሽ አሉ። አልከለከሉኝም። ደግሞ ለምን ይከለክሉኛል? የሚገባኝን ነው ያገኘሁት።

ዓርብ 15

ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። በጀርባዬ በኩል ሁለቱ ሰፊዎች ያወራሉ፦

"ትችለዋለች፣ እሷ ብረት ናት።"

"ብረትም እኮ ይዝጋል።"

ያልሰማሁ መስዬ አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሰፋሁ።

እሑድ 17

ዛሬ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት የሕፃኑን ጨርቆች እያጠብኩ ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ እንደቆየች አላወቅኩም።

"ማንን ነው የምትሰድቢው?" አለችኝ።

"ማንንም።"

"እጀ ሰባራ፣ የማትረቢ፣ ምናምን ስትዪ ሰማሁሽ። ጎረቤቷን መስሎኝ ነበር።"

"ራሴን ነው።" ሳቅ ብዬ ላልፈው ሞከርኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"እኔን እንደዚያ የሚለኝ ሰው ቢኖር ምን ታደርጊው ነበር?"

"ምላሱን እቆርጥለት ነበር።"

"በምንሽ? መቀስሽን አስረክበሽ የለ?"

ይቺ ልጅ አፏን የወረሰችው ከኔ ነው፤ ሌላ ማን አሳደጋትና። ሳቅኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ዓይኔ ውኃ ሞላ። ሳሙናው ገብቶብኝ ነው አልኳት። የያዝኩትን ጨርቅ ተቀበለችኝና አጠገቤ ቁጭ ብላ ማጠብ ጀመረች፤ ገና አራስ ናት፣ ተነሺ ብላት እምቢ አለች።

የነርሷ ነገር አሁን ነው ትንሽ የገባኝ። ረቡዕ ማታ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። እህቴ ጥፋት ሠርታ ብትመጣ ከዚያ ውስጥ አንዲቱን ቃል እንኳ አልላትም። ለጠላቴም አልልም ነበር። ታዲያ ለኔ እንዴት ቀለለኝ?

ሰኞ 18

በመንገድ ስሄድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዓይን ሊሳሳት ይችላል፣ መዳፍ ግን ጠጉሩን ያውቀዋል። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ዳብሼ ብለያቸውስ? ጠጉሩ ወደ ታች የሆነው በአንድ በኩል፣ ወደ ላይ የሆነው በሌላ በኩል። ያኔ ቢያንስ እያንዳንዱ ካባ ለራሱ አንድ ቀለም ይሆናል።

አንድ ካባ አምስት ቁራጭ ነው። መቶ ስድሳ ቁራጭ ማለት ነው።

ለሜትር ነገርኩት። "እና ምን ትጠብቂያለሽ?" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ማክሰኞ 19

ዓይኔን ጨፍኜ ነው የዳበስኩት፤ እንደዚያ ይሻላል። ሜትር ከፊቴ ቆሞ እየተቀበለ ይደረድራል። "ወደ ታች።" "ወደ ላይ።" "ወደ ላይ።" አንድም አልተሳሳትኩም። የተሰፋችዋን ካባም ተርትረን ቀላቀልናት። ማታ ላይ አሥራ ስድስት ፈካ ያለ፣ አሥራ ስድስት ጠቆር ያለ ሆነ። ጎበዝ እጅ ነው ያለኝ። ጻፍኩት እንግዲህ፤ አልሰርዘውም።

ግን መሐል ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሜትር ድንገት "ያን የሱሪ ነገር ታስታውሻለሽ?" አለኝ። እንዴት እረሳለሁ! የዛሬ አራት ዓመት የቅርጹን ወረቀት ሳይገለብጥ ቆርጦ፣ አርባ ሱሪ ሁሉም የግራ እግር ብቻ ሆኖ ቀረ። ስፌት ቤቱ ሁሉ ግራ እግር ብሎ ስቆበታል። እሱ ግን ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቶ አልወጣ አለ።

"በሩን አንኳኩተሽ ምን እንዳልሽኝ ትዝ ይልሻል?" አለኝ። "'አይዞህ፣ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ጨርቅ ነው፣ ሰው አልሞተም። ሻይህን ጠጣና ተመለስ' ነበር ያልሽኝ።"

"ያ ሌላ ነው" አልኩት።

"እንዴት ሌላ ነው?"

"አንተና እኔ አንድ አይደለንም።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሜትር የያዘውን የካባ ጀርባ አስተካክሎ አስቀመጠ። እኔ ግን አፈርኩ። አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ። ለሰው ይቅርታ ስሰጥ የኖርኩት ከከፍታ ላይ ሆኜ ነው ለካ፤ እነሱ ይሳሳታሉ፣ እኔ እምራለሁ። ከእነሱ ጋር እታች ቆሜ፣ እኔም ምሕረት የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ ማለቱ ነው ያቃተኝ።

ስንወጣ "ይቅርታ" አልኩት። "ለግራ እግሩ ነው?" አለኝ። ይህ ሰው መቼም አይድንም።

ዓርብ 22

የዘፋኞቹ አስተማሪ መጣ። እትዬ "እኔ ላናግረው" ብለው ነበር፤ ወደፊት ወጣሁና "የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ሁለቱን ካባ መስኮቱ ጋ ሰቅዬ አሳየሁት፣ ምን እንደተሳሳትኩ በዝርዝር አስረዳሁት።

ሰውየው ፊቱን አጨማደደ። "ያዘዝኩት እኮ አንድ ዓይነት ነው" አለ። ልክ ነው። ሁለቱንም ነካ ነካ አድርጎ፣ ራቅ ብሎ አይቶ፣ "ረጅምም አጭርም በሁለቱም ቀለም አለ?" ብሎ ጠየቀ። በእያንዳንዱ ልኬት ሁለት ፈካ ያለ፣ ሁለት ጠቆር ያለ አለ አልኩት። "እንግዲህ ግራና ቀኝ አድርጌ ከፍዬ አቆማቸዋለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም። ግን ደስ አላለኝም" አለ።

ደስ አላለውም። እኔም ደስ አላለኝም። ተአምር አልተፈጠረም። ሰማዩ ግን አልተደፋም።

እሑድ 24

ትናንት እህቴን "ዛሬ ቤቴ ልተኛ፣ አልቻልኩም" አልኳት። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ታለቅሳለች፣ ትቀየመኛለች ብዬ ነበር።

"ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?" አለች። "ባሌ እኮ ሁለት እጅ አለው። አንቺ ሕፃኑን አልሰጥም ብለሽ ነው እንጂ።"

ባሏም ከጓዳ "ተመስገን፣ ተራ ደረሰኝ" አለ።

እኔ እኮ ያለኔ ቤቱ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉት ተረት ስለኔ የተተረተ ነው ለካ።

ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ ፀሐይዋ አልጋው ላይ ነበረች፤ ደንግጬ ተነሣሁ፣ ከዚያ እሑድ መሆኑ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተኛሁ። ራስ ምታቱ የለም። ከፋዩን በቆረጥኩበት ቀን ዋዜማ የተኛሁት ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሆን ነው። ሰበብ አላደርገውም። ግን እውነት ስለሆነ ይጻፍ።

ማክሰኞ 26

ወሬው ተሰማ። እትዬ የጋሼን ቦታ ለሜትር ሊሰጡት ነው። "መቀሷን ራሷ አስቀመጠች፣ ምን ላድርግ" አሉ አሉ።

ሲያመኝ ዋለ። ይኸውና ለራሴ ያልኩት ቃል፦ ይበልሽ፣ ይገባሻል። ከዚህ ቀጥሎ ግን ሌላ ቃል መጣ፤ በጣም ቀስ ያለ። ይህ አይገባሽም የሚል።

ጋሼ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ጠሩኝና ጠረጴዛውን አብሬያቸው አጸዳሁ። "አንቺ ልጅ" አሉኝ (አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው)፣ "ለመሆኑ በራስሽ ላይ የፈረድሽበት ፍርድ ቤት ምን ዓይነት ነው? ከሳሹም አንቺ፣ ዳኛውም አንቺ። ለተከሳሿ ጠበቃ እንኳ አላቆምሽላትም።"

"ጥፋተኛ ነኛ፣ ጋሼ።"

"ጥፋተኛማ ነሽ። ጠበቃ የሚያስፈልገው እኮ ለጥፋተኛ ነው።"

ሜትርን ሻይ ቤት አገኘሁት። "ቦታውን ስጡኝ አላልኩም" አለኝ። "እምቢ ብዬ ላንቺም አልለምንልሽም። ከፈለግሽው ሄደሽ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ እኔ እቀበላለሁ፣ ከዚያ እንዳትቀየሚኝ።"

ተናደድኩበት። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩት ለምነው እንዲመልሱኝ ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥም ዓይኔ የእትዬ እጅ ላይ ነበር፤ መልሰው ይዘረጉልኛል ብዬ። ራሴን እየቀጣሁ ነው ስል፣ ለካ ሰው ሁሉ "ኧረ ተይ" እንዲለኝ ነው።

ረቡዕ 27

አልጠየቅኩም። ሁለት ጊዜ የእትዬ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሐሙስ 28

ጠየቅኩ።

እትዬ ቀና አሉና "ላንቺ የምሰጥበትን ምክንያት ንገሪኝ" አሉ። ይህንን አልጠበቅኩም። ስለ ሌላ ሰው ቢጠይቁኝ አፌ አይያዝም፤ ስለኔ ግን ምላሴ ተሳሰረ። እናቴ ሰው ራሱን ሲያመሰግን አትወድም ነበር። ወለሉን አየሁ። ከዚያ እህቴ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች አስመስዬ ስለሷ እንደምናገር ተናገርኩ።

"ጎበዝ ነኝ" አልኩ። "እጄ ጨርቅ ያውቃል። ስድስት ሰው አስተምሬአለሁ፣ አንዳቸውንም አላስለቀስኩም። አንድ ትልቅ ጥፋት ሠርቻለሁ። የደበቅኩት ነገር የለም፤ ማስተካከል የሚቻለውን አስተካክያለሁ፣ የማይቻለውን ደንበኛው ፊት ቆሜ አምኛለሁ። ቦታው ይገባኛል።"

እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

"እኔን የጎዳኝ ከፋዩ መሰለሽ?" አሉ። "ከፋዩን በሁለት ቀን አቃናሽው። የጎዳኝ ሁለት ሳምንት ቆራጭ ማጣቴ ነው። ሥራ ተቆለለ፣ ሜትር ወገቡን ይዞ ዋለ፣ አንቺ ጥግ ይዘሽ ቁልፍ ትተክያለሽ። ነገ ብትሳሳቺስ? እንደገና ልትደበቂ ነው?"

ለካ ቅጣቴም ለሌላ ሰው ተርፏል። እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር።

"አላውቅም" አልኳቸው፤ እውነቱ ይኸው ነው። "ግን ላለመደበቅ እሞክራለሁ።"

መሳቢያቸውን ከፍተው መቀሱን አወጡ። "የአንድ ወር ሙከራ" አሉ። "ስትሳሳቺ ነው የማይሽ።"

ቅዳሜ 30

ጋሼን ሸኘናቸው። ሜትር ንግግር አደረገ፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ እንባ። እኔን ሲያይ "አለቃዬ" አለ፤ በኔ ነገር አፍሮ ወይም ከፍቶት እንደሆነ ፊቱ ላይ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

ማታ ከተማሪዎቹ ዝግጅት የተመለሰች አንዲት ሰፊ ካባዎቹን መድረክ ላይ አየሁ አለች። "ሁለት ዓይነት መሆኑ ይታወቃል?" አልኳት። "ይታወቃል" አለች፣ "እኔ ስለማውቅ ይሆናል።" እሺ። ይታወቃል። ከነመታወቁ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ አቆራረጡም ያምራል።

ማክሰኞ፣ በአዲሱ ወር 3

ዛሬ ተሳሳትኩ።

ወፍራም ግራጫ የሱፍ ጨርቅ፣ የአንዲት ደንበኛ ካፖርት። ኮሌታውን ስቆርጥ የልኬቱን ቁጥር አዛብቼ አነበብኩና ሁለት ጣት ያህል አሳጠርኩት። ገና መቀሱ ሳይዘጋ አወቅኩት። የሰፊዎቹ መኪና አንድ በአንድ ዝም አለ። ሁሉም ያየው የኔን ፊት አልነበረም፤ መቀሱን የት እንደማስቀምጠው ነበር። እትዬም በር ላይ ቆመዋል።

ያ የድሮው ድምፅ መጣ፣ ያ እጀ ሰባራ የሚለው። አልቀረም፤ የሚቀርም አይመስለኝም። እንዲያልፍ ፈቀድኩለት፣ እንደማይወደድ እንግዳ፣ ወንበር ሳልሰጠው።

"ኮሌታውን አሳጥሬዋለሁ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ከጥቅሉ ትርፍ ጨርቅ አለ። እንደገና እቆርጠዋለሁ።"

ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ለካሁ፣ አሰመርኩ፣ ደግሜ ለካሁ። መቀሱን ሳነሣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አልተቆጣሁትም። እስኪረጋ ድረስ ጠበቅኩትና ቆረጥኩ።